የመርከቡ አንቴናና የጋሽ ሰይድ ደብዳቤዎች

የእህቴ ልጅ እመቤት በየእሑዱ ከመካነ ሰላም ትደውልልኛለች። ከቅዳሴ መልስ ነው፤ ሰዓቷን አታዛንፍም። ስትደውል ደግሞ እንደ ዘመኑ ልጆች «አለህ? በል ቻው» ብላ አትገላገለኝም። አገሯ ያስተማራትን ሰላምታ ከላይ እስከ ታች ታወርደዋለች። እማዬ ሰላም ትልሃለች፣ ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፣ ልጆቹ እጅ ነስተዋል፣ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ አላህ ያቆይልን ትልሃለች፣ ቢኒያምም ከጅዳ ሲደውል አጎቴን ሳሚልኝ ብሏል። ቢኒያም ወንድሟ ነው። እኔ ይህን ሁሉ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የማዳምጠው። እዚህ ናዝሬት የግቢዬ ሰዎች ይስቁብኛል፤ ሽማግሌው ጣቱን ይቆጥራል ይላሉ። ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ። አንድ እሑድ ግን ቆጥሬ ቆጥሬ አንድ ጣት ተረፈኝ። እህቴ ጥሩዬ አልተጠራችም።

«እናትሽስ?» አልኳት። «ተኝታለች» አለችኝ፤ ቶሎ ብላ ደግሞ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች። ጥሩዬ በሕይወት ዘመኗ ፀሐይ ወጥቶ ተኝታ የማታውቅ ሴት ናት። ስልኩን ዘጋሁና ቦርሳዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። የቤቱ አከራይ ወይዘሮ አስቴር «ጋሽ ሽፈራው፣ ምን ሰምተው ነው?» ብትለኝ «ምንም አልሰማሁም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ» አልኳት። አበደ ሳትል አትቀርም። አንድ ሰው በሰላምታ መሐል ስላልተጠራ ስም ይህን ያህል ለምን እንደሚሸበር ለማስረዳት ስለ መርከብ አንቴና ማውራት ሊኖርብኝ ነው፤ ታገሡኝ።

እኔ የንግድ መርከብ ራዳር ሠራተኛ ነበርኩ። የወሎ ቦረና ደገኛ፣ ከወንዝ የሰፋ ውኃ ሳያይ ያደገ፣ እንዴት ባሕር ላይ ወጣ ብትሉ ጊዜው ነው። ደሴ ተማርኩ፣ ምጽዋ ሠለጠንኩ፣ ከዚያ መርከብ ላይ ተመደብኩ። አንቴናው ከምሰሶው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ እንደ በር መቃን ጠፍጣፋ ነገር ነው። ለማያውቀው ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፤ ዝም ብሎ ይዞራል። ግን እየዞረ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ መርከብ ወይም ደሴት ሲነካ ይመለሳል፤ የተመለሰውን ያው አንቴና ይቀበልና በናስ ቱቦ ወደ ታች ይሰደዋል። ታች እኔ በጎማ መከለያ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ስክሪኑን አያለሁ። ያ ሁሉ መርከብ፣ ያ ሁሉ ተራራ፣ ለእኔ አረንጓዴ ነጥብ ነበር። መጀመሪያ በፈቃድ አገሬ ስገባ ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሼ፣ ጫማዬን ከአቀስታ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠርጌ ነው የገባሁት። አባቴ ስለ ሥራዬ አስወራኝ። «ጉም ውስጥ ያያል?» «ያያል።» «ሲጨልምስ?» «ያያል አባዬ።» «እኛንስ ያየናል?» ሳቅሁ። «ተራራ ይጋርደዋል» አልኩት። «እንግዲያ ምኑን አየው» አለና ተወኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ምጽዋ ያስተማረን ሰውዬ ቁጡ ነበር፤ እጁ ላይ ሁልጊዜ የሰም እርሳስ ነበረች። በየዙሩ የምታዩትን ነጥብ በሰም እርሳስ ምልክት አድርጉበት ይለን ነበር። አንቴናው በደቂቃ ሃያ ምናምን ጊዜ ስለሚዞር ስክሪኑ በየዙሩ አዲስ ይሳላል፤ የነበረው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ይደምቃል። «የሚታየውንማ ማንም ያየዋል» ይል ነበር፣ «እናንተ ደመወዝ የሚከፈላችሁ ሦስት ዙር ታይቶ በአራተኛው የቀረውን እንድትፈልጉ ነው። የቀረ ነጥብ ማለት ሰው ነው።» ይህን ነገር ሃይማኖቴ አደረግሁት። አንድ ማለዳ ቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጊዜ ታይታ የጠፋች ጭላንጭል አይቼ ካፒቴኑን አስነሣሁት፤ ዞረን ብንሄድ ሞተሩ የሞተበት ሳንቡክ የሚሉት የእንጨት ጀልባ፣ አምስት ዓሣ አጥማጆች፣ ውኃ የጨረሱ። አንደኛው ሽማግሌ እጄን ይዞ በዓረብኛ መረቀኝ። ካፒቴኑ በሰው ፊት «ዓይናማ!» አለኝ። አይ ዓይናማ!

ደብዳቤ የሚጽፉልን ጋሽ ሰይድ ነበሩ። መካነ ሰላም ገበያው ጥግ፣ በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ያ በረንዳ አሁን የለም፤ ባለ መስታወት ሕንጻ ቆሞበታል፣ ስልክ ይሸጡበታል። በጊዜው ግን የከተማው ልብ እሱ ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ለዚያውም ሁለት ማንኪያ ስኳር ተጨምሮ፤ ትይዩው ሻይ ቤት ራዲዮኑ የባቲ ዜማ ሲለቅ ጋሽ ሰይድ እግራቸውን በዜማው ልክ ይረግጡ ነበርና የሱሪው ስፌት አንዴ ይሮጣል አንዴ ያዘግማል ይባል ነበር። ሱሪ ማሳጠር ሃምሳ ሳንቲም፤ ደብዳቤ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በነጻ። ቁምጣ የሚያስጠግን ገበሬ፣ ልጇ አሰብ ጉልበት ሥራ የሄደባት እናት፣ ሁሉም መኪናዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያናግራቸዋል፤ እሳቸው መኪናዋን ክዳን ያለብሱና በክዳኑ ላይ ይጽፋሉ። ሲጽፉ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ሰላም ያስብላሉ፣ ከብቱም አይቀር። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ዛሬም በቃሌ አውቃታለሁ፦ «ይድረስ ለተወደድከው ለሽፈራው በላይ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። አባትህ በላይ ሰላም ይልሃል። እናትህ ዘውዴ ጉንጭህን ትስምሃለች። ወንድምህ ደምሴ ሰላም ይልሃል። እህትህ ጥሩዬ ሰላም ትልሃለች። በቅሎዋ ዳማ ደህና ናት። ላሟ ቦራ ወልዳለች።» ወጣት ነበርኩና የሰላምታው ርዝመት ያሰለቸኝ ነበር። «ደህና ነን» የምትለውን ካገኘሁ በኋላ ሌላውን ዘልዬ መጨረሻውን ነበር የማየው።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ዓመቱን አልጠራውም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ከተሞቻችን ቀይ ጨርቅ የሚለብሱበት፣ ሁሉ ሰው ካኪ የሚያሰፋበት፣ ወዳጅ ለወዳጁ ጓድ የሚባባልበት ጊዜ ነበር። ዝናቡ አንድ ዓመት ዘገየ፣ በሚቀጥለው ጭራሽ ቀረ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሰማሁ ነው፤ እኔማ ባሕር ላይ ነበርኩ። የከላላ ገበያ እህል የሚሸጥበት ቀርቶ የቤት በር የሚሸጥበት ሆነ፤ ሰው ከገዛ ቤቱ በሩን ነቅሎ ተሸክሞ ይመጣል፣ የሚገዛው የለም። ከወግዲ በኩል ቤተሰቡን ይዞ ሽቅብ የሚወጣው ሰው መካነ ሰላም ደርሶ ሌላ የራበው ሕዝብ ያገኛል። እኔ ግን አሰብ በደረስን ቁጥር ደብዳቤ አለችልኝ። ሁለተኛዋ መጣች፤ ደህና ነን ትላለች። ረሃብ እንዳለ በወሬ ሰምቼ ስለነበር ደስ አለኝ። ወሬው ቆላውን ነው፣ የኛ ደጋ ተርፏል አልኩ። ለጓደኞቼም እንዲህ ብዬ አወራሁ።

ሦስተኛዋ የደረሰችኝ ስንዴ ጭነን አሰብ ፊት ለፊት መልህቅ በጣልንበት ሰሞን ነው። ወደቡ ሞልቶ ወረፋ እንጠብቃለን። ሁለት ሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ቦርሳዬ ታስሯል፤ ለእናቴ የገዛሁላት ጥቁር የሱፍ ሻሽ ከላይ አለ፤ በማግስቱ ጀልባ ይወስደኛል። ታዲያ በዓል ደርሶ ነበርና የመርከቡ የውይይት ክበብ ሊቀመንበር መርከቡ ተቀብቶ እንዲያጌጥ አዘዘ። ትእዛዝ ነው፣ ቀይ ይሁን አለ። ያለን ቀይ ቀለም ደግሞ ለብረት ዝገት መከላከያ የሚቀባው ብቻ። አንዱ ትጉህ መርከበኛ ከበሩ ጀምሮ እስከ ምሰሶው ጫፍ ቀባው፤ ጫፍ ሲደርስ አንቴናውንም አልተወው። አንቴናው ፊት ላይ በባዕድ ቋንቋ ቀለም እንዳይነካው የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ቀባው። ራዳሩ ጠፍቶ ስለነበር ማንም አላወቀም። እኔ በማግስቱ ልሰናበት ስል እስቲ ብዬ ከፈትኩት፤ በዙሪያችን ከሃያ የማያንስ መርከብ ቆሞ ስክሪኑ ላይ አራት አምስት ነጥብ ብቻ አለ። ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለበት፤ ሞገዱን አፍኖታል። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ «ጓድ፣ አንቴናው ታወረ» ብዬ ብነግረው «ቀይ ቀለም የሚያውረው አድኃሪን ብቻ ነው!» አለኝ። ወይ ጉድ! መሳቅም አልቻልኩ፣ ማልቀስም አልቻልኩ።

ካፒቴኑ ጥሩ ሰው ነበር። ያን ሰሞን ከበረሃው አቧራ ይነሣና ባሕሩን ያለብሰዋል፤ የራስን መርከብ አፍንጫ እንኳ አያሳይም። «በዚህ አቧራ ያለ ራዳር ወደብ አልገባም» አለኝ፣ «ወረፋችን ቢደርስ ያልፈናል፣ ስንዴው እዚሁ ይቀመጣል። ፈቃድህ የራስህ ነው። ቤትህ ችግር ካለ ሂድ፣ ከምጽዋ ሰው እናስመጣለን፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። ቤትህ ደህና ከሆነ ቆይልኝ።» ደብዳቤዋን ከኪሴ አወጣሁ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ካፒቴኑ ፊት ቆሜ፣ ጣቴን እዚያችው መስመር ላይ አድርጌ፣ «ቤቴ ደህና ነው፣ እቆያለሁ» አልኩት። ጀልባዋ ያለ እኔ ሄደች።

አሥራ አንድ ቀን ፋቅሁት። ፋቅሁት ስላችሁ በቢላ አይደለም፤ ፊቱ ከተጫረ አለቀ። ከሳጥን እንጨት ጠርቤ ባበጀኋት ስስ መፋቂያ፣ ቀለም ማቅጠኛ በነካች ጨርቅ፣ ጣት በጣት። ምሰሶ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የራዳሩን ፊውዝ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ትከቱታላችሁ፤ እላይ ሳላችሁ አንዱ ቢያበራው አንቴናው መትቶ ይጥላችኋል። ስለዚህ ፊውዙና ደብዳቤዋ አንድ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንሿሿሉ። ነፋሱ የሚያስወጣኝ ማለዳ ማለዳ ብቻ ነው። ከላይ ሆኜ የስንዴውን ሽታ እሸት እሸት ሲለኝ ይሰማኝ ነበር። ለራሴም ኮራሁ፦ እኔ ባልኖር ይህ ስንዴ ወደብ አይገባም እያልኩ። እውነትም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፊውዙን መለስኩት፣ አንቴናው ዞረ፣ ነጥቦቹ ሁሉ ተመለሱ፤ ወረፋችን ደርሶ በአቧራው ውስጥ ገባን። ጭነቱ ሲራገፍ በአንዱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በስንዴው ጆንያ ላይ ተቀምጬ በሚሌ በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደሴ ገባሁ። ያየሁትን መንገድ አልተርክላችሁም። ከባቲ ወዲህ ቀና ብዬ አላየሁም።

ከአቀስታ ወዲያ መኪና አልነበረም፤ ሁለት ቀን በእግሬ ሄድኩ። መካነ ሰላም ስገባ መጀመሪያ ያየኝ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ከስተዋል። እንዳዩኝ እግራቸው መኪናዋ ላይ ቆመ፤ ክዳኗን አለበሱና ተነሡ። «አህለን ሽፈራው። ና ግባ፣ ከእኔ ዘንድ ታድራለህ» አሉኝ። «እናቴን ሳላይ?» ብላቸው ክንዴን ያዙኝ። «ደክሞሃል። ጠዋት አብረን እንሄዳለን።» የአገሬ ሰው ነኝና ክንዴን ሲይዙኝ ገባኝ፤ ግን የሞተው አንድ ሰው ብቻ መሰለኝ። ማለዳ ላይ ቤቱ በሰው ተሞላ፣ ዘመድ እስላም ክርስቲያኑ፤ ሁለት ጎረምሳ ግራና ቀኜ ተቀመጡ፤ እና አንድ በአንድ ነገሩኝ። ደምሴ። አባቴ። እናቴ። እናቴ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር።

ከጩኸቱ በኋላ ቁጣ መጣብኝ። ጋሽ ሰይድን ልመታቸው ምንም አልቀረኝ። «ደህና ነን እያሉ ይጽፉልኛል! ለምን አልነገሩኝም አንቱ? ሰው አይደለሁም?» አልኩ። አስጨረሱኝ። «ደብዳቤዎቹን ይዘሃል?» አሉኝ ኋላ። ይዣለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ምንጣፉ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ዘረጉልኝ። «ሰላምታውን አንብብ» አሉኝ። የመጀመሪያዋ ላይ አራት ሰው፣ በቅሎ፣ ላም። ሁለተኛዋ ላይ በቅሎዋም ላሟም የሉም፤ ደምሴም የለም። ሦስተኛዋ ላይ አባቴ የለም፤ «እናትህ ጉንጭህን ትስምሃለች፣ እህትህ ሰላም ትልሃለች» ይላል፣ አበቃ። «ወላሂ አልዋሸሁህም ልጄ» አሉ፣ «ደህና ነን ያሉት በሕይወት የቀሩት ናቸው፤ የቀረ ሰው አልሐምዱሊላህ ሳይል ምን ይላል? የሞተውን ግን ሰላም ይልሃል ብዬ አልጻፍኩም። መርዶ በወረቀት አይላክም። እዚያ ባሕር ላይ ማን ይይዝሃል ብዬ? እናትህም ልጄን አታስደንግጡብኝ ብላ አስምላኛለች። ሰላምታውን ይቆጥራል፣ ተምሯል አይደል፣ ይገባዋል ብዬ ስጠብቅህ ነበር።»

ጥሩዬ ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ይሆናል፣ አንገቷ ቀጥኖ ጭንቅላቷ ከብዷታል። አላለቀሰችም። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለችኝ፣ «ግን ጋሽ ሰይድ ጽፈው ሲያነቡልን ማን እንደቀረ አውቅ ነበር። እማዬም ታውቅ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሽፈራው ነው ትላለች። አንተ ማንበብ አታውቅም፣ ወንድምጋሼ?» ቀይ ባሕር ላይ የማላውቃቸውን አምስት ዓሣ አጥማጆች ከአንዲት ጭላንጭል አውጥቻለሁ። እናቴ ሁለት መስመር ላይ ቀርታ ስትጠራኝ አላየኋትም። ሻሹን ለጥሩዬ ሰጠኋት። እሷን ደሴ አውጥቼ አስታመምኩ፤ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፣ አገሬን አልለቅም ብላ ተመለሰች። ይቅር ብላኝ ይሁን አይሁን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

እንግዲህ ሰኞ ማለዳ ከናዝሬት ተነሣሁ፣ ደሴ አደርኩ፣ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መካነ ሰላም ነበርኩ። ሁለት ቀን የሄድኩበትን የጉም አገር ሚኒባሱ በሰዓታት በላው። እመቤት በር ላይ ስታየኝ አፏን ያዘች። ጥሩዬ አልጋ ላይ ናት፤ ያ የቀጠነ አንገት ተመልሶ መጥቷል። ያን ጥቁር ሻሽ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋዋለች፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ጫፉ ተበልቷል።

«መጣህ፣ ወንድምጋሼ?»

«ስምሽን አጣሁት።»

«እኔ ነኝ አትጥሪኝ ያልኳት።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ታሜያለሁ ብልህ ሐኪም ጋ ሂጂ ብለህ ብር ትልካለህ። ደህና ነኝ ብልህ ታምናለህ። ዝም ብል ግን… ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«አንድ ተኩል።»

«ደግ» አለች። «እንዲያ ነው የሚነበብ።» እጇን ሰጠችኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በእመቤት ልጆች ፊት፣ ሳላፍር። ያልጠየቅኋት ነገር መልሱን እንዳገኘ ገባኝ። አምስት ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። ስለ ዳማ አወራን፣ ስለ ቦራ ጥጃ፣ ጋሽ ሰይድ ስለ ሰፉላት አበባ ያለበት ቀሚስ። እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደወል አረፈች።

ቀብረን እንደተመለስን፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደሞላ፣ የእመቤት ስልክ ጮኸ። ቢኒያም ነው፣ ከጅዳ። እመቤት ወደ ጓዳ ገባች፤ ተከተልኳት። ፊቷን ጠራርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አሳምራ ጀመረች። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቴ ሰላም ይልሃል። ልጆቹ ሰላም ይሉሃል። እትዬ ፋጡማ ሰላም ትልሃለች። አጎቴ መጥቷል፣ እሱም ሰላም ይልሃል።» ከዚያ ስለ ዝናቡ ጀመረች። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት።

«ቢኒያም፣ እኔ ነኝ።»

የመኪና ጡሩንባ ይሰማኛል፤ መንገድ ላይ ነበር።

«አጎቴ» አለኝ፣ ድምፁ ሰለለ፣ «እመቤት እማዬን ሳትጠራት አለፈች።»

«አጠገብህ ማን አለ ልጄ?» አልኩት።